ግቢ ውስጥ የቆመ የብረት ጀልባ፦ ከምልክቱ ወደ ምክንያቱ፣ ከምክንያቱ ወደ መፍትሄው

ካዛንቺስ ወይም ፒያሳ አካባቢ ባለ ግቢ ውስጥ በእንጨት ተደግፎ የቆመ የብረት ጀልባ ያየ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ይኼ ደግሞ በየት ገባ?» ብሎ ነው። ቀጥሎም «ወዴትስ ሊሄድ?» ይላል። የሁለተኛው መልስ ቀላል ነው፤ የዝዋይ ሐይቅ ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፣ ላንጋኖም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ለጥገና የሚያስፈልገው ላሜራ፣ በያጅ፣ የቶርኖ ባለሙያና የሞተር ዕቃ ያለው ግን ሐይቁ ዳር ሳይሆን እዚሁ መሃል ከተማ ነው። ሶማሌ ተራ ያልተገኘ ዕቃ ቢኖር እንኳ ምናለሽ ተራ ያሉት ባለ እጆች አምሳያውን ከቁርጥራጭ ብረት ያወጡታል።

ይህ መመሪያ የሚመለከተው ከሰባት እስከ ዘጠኝ ሜትር የሚረዝም፣ ቀፎው በ3 ወይም በ4 ሚሊ ሜትር ላሜራ የተሠራ፣ የናፍጣ ሞተር በውስጡ የተገጠመለት አሮጌ የመዝናኛ ጀልባን ነው። መሣሪያውም ግቢ ውስጥ የሚገኘው ነው፦ ግራይንደር፣ ኢንቨርተር የብየዳ ማሽን፣ ትራፓኖ፣ ክሪክ፣ መዶሻ፣ ካሊፐርና መልቲሜትር።

አሮጌ ጀልባ የገዛ ሰው ዓይኑ የሚያርፈው ከውጭ ባለው ቀለም ላይ ነው፤ የሚፈራውም ጀልባው የሚንሳፈፍበትን ሐይቅ ነው። የብረት ጀልባን በብዛት የሚጨርሰው ግን ሆዱ ውስጥ ተኝቶ የቀረው ውሃ ነው። ስለዚህ ምርመራው ከውስጥ ይጀምራል። ከውጭ ጀምሮ ቀለም ያስቀባ ሰው ገንዘቡን በአየር ላይ በትኗል።

ወለሉ ሲነሳ ቡናማ ውሃ ይታያል

የእንጨቱ ወለል ሲነሳ ከሥሩ የዛገ ውሃ፣ የበሰበሰ ቅጠልና ጭቃ ይገኛል። አንዳንዴ ውሃው ደርቆ የደረሰበትን ከፍታ የሚያሳይ ቡናማ መስመር ብቻ ይቀራል። መስመሩ ካለ ጥፋቱም አለ፤ ብረት ክፉኛ የሚበላው ውሃና አየር በሚገናኙበት በዚያው መስመር ላይ ነው።

ምክንያቱ ሰማይ ነው። አዲስ አበባ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች። ይህም በእያንዳንዱ ክፍት ካሬ ሜትር ላይ ከአንድ ቶን በላይ ውሃ ይወርዳል ማለት ነው። ከኋላ ያለው ክፍት የመቀመጫ ቦታው ስድስት ካሬ ሜትር የሆነ ጀልባ ያለ ሽፋን ዓመቱን ቢቆም ከስድስት ቶን በላይ ውሃ ይቀበላል፤ አብዛኛውም በክረምቱ የሚወርድ ነው። ጀልባ የተሠራው ውሃ እንዳያሳልፍ ስለሆነ ከላይ የገባው ውሃም አይወጣም። በቀፎው ጎድኖች ግርጌ ውሃ ወደ ዝቅተኛው ቦታ የሚፈስባቸው ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ፤ እነሱ በቅጠልና በዝገት ሲደፈኑ እያንዳንዱ ክፍል ለብቻው ኩሬ ይሆናል።

መፍትሄው ርካሽ ነው። ከኋላ በኩል ያለውን የማፍሰሻ ቡሎን ይፍቱና እንደተፈታ ይተዉት። የጀልባውን አፍንጫ በክሪክ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርገው ይደግፉ። የጎድኖቹን ቀዳዳዎች በሽቦ ይጥረጉ፤ ጠበው ከተገኙ በትራፓኖ ያስፏቸው። ሸራውን ደግሞ እንደ ጥቅል ዕቃ አያስሩት። ጥብቅ ብሎ የታሰረ ሸራ ዝናቡን ቢከለክልም በውስጡ ያለው እርጥበት ሌሊት በቀዘቀዘው ላሜራ ላይ ጤዛ እየሆነ ይንጠባጠባል። ሸራው ከመሃል ከፍ ብሎ በግራና በቀኝ የተዳፋ፣ ከፊትና ከኋላው ክፍት የሆነ ይሁን፤ ነፋስ ይግባ።

ከግድግዳው ጀርባ የስፖንጅ ወይም የፎም መከላከያ ካለና ሲጫኑት ውሃ የሚተፋ ከሆነ ያለ ርኅራኄ ተቀዶ ይውጣ። ከሥሩ ያለውን ብረት ሳያዩ መወሰን አይቻልም።

ዝገቱ ቅርፊት ሆኖ ይነሳል

በመዶሻ መታ መታ ሲደረግ የጣት ውፍረት ያለው የዝገት ቅርፊት ተነባብሮ ይወርዳል። ባለቤቱ ይደነግጣል፣ ደላላው ዋጋ ይቀንሳል፣ በያጁ «ሙሉ ቀፎው ይቀየር» ይላል። ቆይ! ዝገት ከወጣበት ብረት በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ቦታ ይይዛል። አምስት ሚሊ ሜትር የሚወፍር ቅርፊት የበላው ብረት አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ ላይሞላ ይችላል። በተቃራኒው፣ ከውጭ ለስላሳ ቀለም ያለበት ቦታ ከውስጥ ተበልቶ ወረቀት ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ቅርፊቱ ይፈለፈል እንጂ ፍርድ አይሰጥበት።

ፍርዱ የሚሰጠው በጆሮና በካሊፐር ነው። ኳስ ጭንቅላት ባለው ትንሽ መዶሻ ቀፎውን በየመዳፉ ስፋት ይምቱት። ጤናማ ላሜራ ጥርት ብሎ ይጮሃል፤ መዶሻውንም መልሶ ያነጥረዋል። ያለቀ ላሜራ ድምፁ ይታፈናል፤ መዶሻውም ጠባሳ ይተዋል። ድምፁ የተቀየረበትን ቦታ ሁሉ በጠመኔ ያክብቡ። ከዚያ በክቡ መሃል በ5 ሚሊ ሜትር የትራፓኖ ፑንታ ይብሱና ውፍረቱን በካሊፐር ይለኩ። ጤናማውን ቀፎ መብሳት ዘግናኝ ይመስላል፤ ነገር ግን ቀዳዳው በአንድ ኤሌክትሮድ ይደፈናል። በድምፅ ሞገድ የሚለካ የውፍረት መለኪያ የሚያውስ ወዳጅ ካለ መብሳቱ ይቀራል።

በልማድ የሚሠራበት መለኪያ ላሜራው ከመጀመሪያው ውፍረት ሩብ ያህሉን ካጣ ይቀየር የሚል ነው። የ4 ሚሊ ሜትር ላሜራ ከ3 በታች ከወረደ ይቆረጣል። ቅድሚያ የሚፈተሹት ቦታዎች የታወቁ ናቸው፦ ከሞተሩ ሥር፣ ከመጸዳጃው ሥር፣ ከባትሪው ሥር፣ ከነዳጅ ታንኩ ጀርባና የቡናማው መስመር መንገድ።

ቀዳዳ ተገኘ

እዚህ ላይ ከበያጁ ጋር ክርክር ይነሳል። «ጋሼ፣ ከላይ ልለጥፍበትና በስቱኮ ላጥፋው፤ ማንም አያየውም» ይላል። እውነቱን ነው፣ ማንም አያየውም። በአሮጌውና በአዲሱ ላሜራ መካከል ግን ቀለም የማይደርስበት ክፍተት ይቀራል። ከውስጥ በኩል በአሮጌው ቀዳዳ የገባ ውሃ እዚያ ይታሰርና ሁለቱንም ላሜራ በአንድ ላይ ይበላል። ለአንድ ጉዞ ያህል መለጠፍ ይቻል ይሆናል፤ ጥገና ለሚባል ሥራ ግን የተበላው ተቆርጦ ወጥቶ በልኩ የተቆረጠ አዲስ ላሜራ በቦታው መግባት አለበት።

የሚቆረጠው ቦታ ማዕዘኖቹ ክብ ይሁኑ፤ በሻይ ብርጭቆ አፍ መስመሩን ማውጣት ይበቃል። ሹል ማዕዘን ላይ ኃይል ይከማቻል፤ ስንጥቅም የሚጀምረው ከዚያ ነው። መቁረጡ ጤናማ ብረት እስኪገኝ ድረስ ይቀጥል፤ በቀጭን ጠርዝ ላይ የሚበይድ ሰው ቀዳዳ እያሳደደ ጀልባውን ሲዞር ይኖራል።

ላሜራ ሲገዙ ካሊፐር ይዘው ይሂዱ። መርካቶ ውስጥ ላሜራ በሚሊ ስም ይሸጣል እንጂ ሁልጊዜ በሚሊ ልክ አይሸጥም። ካሊፐር ከሌለ ሚዛን ይፈርዳል፤ 4 ሚሊ ሜትር የሆነ አንድ ካሬ ሜትር ላሜራ 31.4 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ጋልቫናይዝድ ላሜራ በርካሽ ቢቀርብ ለቀፎ አይግዙት። ሲበየድ የሚወጣው ነጭ ጭስ ማታ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ያስይዛል፤ ብየዳውንም ያበላሻል።

ኤሌክትሮዱ ይጣበቃል፣ ብሬከሩ ይወርዳል

ማሽኑ አዲስ ነው፣ ኤሌክትሮዱ ደረቅ ነው፣ ግን አይነሳም። ከመጠገኛ ቤት በፊት ሰዓትዎን ይመልከቱ። ማታ ሠፈሩ ሁሉ እንጀራ ሲጋግር አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ይስባል፤ የብየዳ ማሽን ከሚስበው ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል። 220 ቮልት መሆን የነበረበት ግቢው ሲደርስ 180 ሊሆን ይችላል። ማሽኑ በሚሠራበት ጊዜ ሶኬቱን በመልቲሜትር ይለኩ። ዝቅ ካለ ብየዳውን ከረፋዱ እስከ ቀትር ወዳለው ጊዜ ያዙሩት።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ ማራዘሚያው ገመድ ነው። ቤት ውስጥ ለቴሌቪዥን የተገዛ ቀጭን ገመድ 30 ሜትር ተዘርግቶ ብየዳ አይችልም። 4 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ ገመድ፣ በተቻለ መጠን አጭር፣ ሙሉ በሙሉ ተተርትሮ ይዘርጋ፤ እንደተጠቀለለ ከሠራ ይግላል፣ ይቀልጣልም። ሦስተኛው ከፍታችን ነው። የብየዳ ማሽኖች በአብዛኛው እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ታስበው የተመዘኑ ናቸው፤ አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ማሽኑን በሚገባ አያቀዘቅዘውም። ሙቀት በዝቶበት የጠፋ ማሽን ተበላሽቷል ማለት አይደለም፤ ትንፋሽ ይስጡት።

ብየዳው ዓይን ያወጣል፣ ላሜራው ይጣመማል

ብየዳው ላይ የሚደርቀው ሽፋን ሲፈነቀል ከሥሩ ያለው ብየዳ እንደ እንጀራ ዓይን ዓይን ካወጣ ውሃ ያስገባል። በላዩ ላይ ደግሞ መበየድ ዓይኑን ይሸፍነዋል እንጂ አይደፍነውም። በግራይንደር ተፍቆ ከሥሩ ይውጣ። መነሻው ብዙውን ጊዜ ከሦስቱ አንዱ ነው፦ ኤሌክትሮዱ በክረምቱ እርጥበት ጠጥቷል፣ ብረቱ ላይ ቀለም ወይም ዘይት ቀርቷል፣ ወይም በያጁ ኤሌክትሮዱን ከብረቱ በጣም አርቆ ይዞታል። ለቀጭኑ ቀፎ 2.5 ሚሊ ሜትር የሆነው 6013 ኤሌክትሮድ ከ60 እስከ 90 አምፒየር ባለው መካከል ይበቃል። 7018 ይሻላል የሚሉ አሉ፤ ጠንካራነቱ እውነት ነው፤ ግን በምድጃ ደርቆና ከእርጥበት ተጠብቆ ካልተያዘ ጥቅሙ ይቀራል። ግቢ ውስጥ ያን ያህል የሚጠነቀቅ ሰው እምብዛም አላየሁም።

የመጣመሙ ምክንያት ሙቀት በአንድ ቦታ መከማቸቱ ነው። አዲሱን ላሜራ በመጀመሪያ ዙሪያውን በነጥብ ብየዳ ይያዙት። ከዚያ አራት ወይም አምስት ሴንቲ ሜትር ብቻ በይደው ወደ ተቃራኒው ጎን ይሻገሩ፤ እጅ ቢነካው የሚታገሠው እስኪሆን ድረስ ወደ መጀመሪያው አይመለሱ። ሥራው ይንቀረፈፋል። በያጁን በቀን ሳይሆን በሥራው መጠን የሚከፍሉት ከሆነ ይቸኩላል፤ ስለዚህ በዚህ ሥራ በቀን ይክፈሉት።

ከመበየድዎ በፊት የባትሪውን ሁለቱንም ገመዶች ይፍቱ፤ የማሽኑንም መሬት መቆንጠጫ ከሚበየደው ቦታ አጠገብ ያሲዙ። አለበለዚያ ኤሌክትሪኩ በሞተሩ ኩሽኔታዎች በኩል ማለፊያ ይፈልጋል። ከብየዳው ጀርባ ያለው ፎም በሁሉም አቅጣጫ ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ተነስቶ መሄድ አለበት፤ ሲቃጠል የሚወጣው ጭስ መርዝ ነው። ውስጥ ውሃና እሳት ማጥፊያ ይዞ የሚቀመጥ ሰው ሳይኖር ከውጭ አይበየድም። «ባዶ» የተባለ የነዳጅ ታንክ ከሙሉው ይልቅ አደገኛ ነው፤ ሳይወጣና ሳይታጠብ አጠገቡ አይበይዱ።

ቀለም ከመነካቱ በፊት ብየዳው በሙሉ በነጭ ጋዝና በኖራ ይፈተናል። ኖራውን በውሃ በጥብጠው የብየዳውን መስመር ከአንዱ ወገን ነጭ አድርገው ይቀቡትና ይድረቅ። ከሌላው ወገን ነጭ ጋዝ በጨርቅ ይቀቡት። ነጭ ጋዝ ውሃ በማያልፍበት ስንጥቅ ያልፋል፤ ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ በኖራው ላይ የቅባት ነጥብ ብቅ ካለና ቀስ በቀስ ከሰፋ ቀዳዳው ተገኘ። ዓይን የማያየውን ቀዳዳ ለማግኘት ከዚህ የረከሰ መንገድ የለም። ነጥቡ ይከበባል፣ ጋዙ በሳሙና በደንብ ይታጠባል፣ ይፈቀፈቃል፣ እንደገና ይበየዳል፣ እንደገና ይፈተናል።

ቀለሙ ፊኛ ይሠራል ወይም እንደ ልጣጭ ይነሳል

ፊኛውን በካቻቢቴ ይውጉት። ውሃ ከወጣና ከሥሩ ያለው ብረት ጥቁር ከሆነ፣ ቀለሙ የተቀባው በእርጥበት ወይም በጨው ላይ ነው። ከሥሩ ብሩህ የሚያብለጨልጭ ብረት ከወጣ ደግሞ ጥፋቱ የሽቦ ብሩሽ ነው። በግራይንደር ላይ የሚገጠም የሽቦ ብሩሽ ዝገትን ይወለውለዋል፣ ያንጸባርቀዋል፣ ንጹሕም ያስመስለዋል፤ ቀለም ግን የሚይዝበት ሻካራ ገጽ አይተውለትም። 36 ወይም 40 ቁጥር በሆነ የአሸዋ ዲስክ ይፈቅፈቁት። ከዚያ በንጹሕ ውሃ ይጠቡት፣ ያድርቁት፣ በቲነርና በንጹሕ ጨርቅ ይጥረጉት፤ ጨርቁን ቶሎ ቶሎ ይቀይሩ፣ ያው ጨርቅ ዘይቱን ከቦታ ቦታ ያዞራል። የመጀመሪያው ቅብ በዚያው ዕለት ይግባ፤ ያደረ ብረት ያደረ ዝገት አለው።

ለመስኮትና ለአጥር በር የሚሸጠው አንቲረስት ከውሃ መስመር በታች ዋጋ የለውም። በዘይት የተሠራ ቀለም ውሃ ውስጥ ሲቆይ ይለሰልሳል፤ ቀፎውን ከዝገት የሚጠብቀው አኖድ ሲገጠም ደግሞ በብረቱ ገጽ ላይ የሚፈጠረው አልካላይ ነገር ቀለሙን ወደ ሳሙናነት ይለውጠዋል። ከውሃ በታች የሚሆነው ሁለት ቆርቆሮ ሆኖ የሚሸጠውና ተደባልቆ የሚቀባው ኢፖክሲ ነው። ድብልቁ በቆርቆሮው ላይ በተጻፈው ልክ ይሁን፤ «ቶሎ እንዲደርቅ» ብሎ ማጠንከሪያ መጨመር ቶሎ አያደርቀውም፣ ያበላሸዋል እንጂ።

ስለ መጠን፦ ግማሹ ጠጣር የሆነ አንድ ሊትር ኢፖክሲ ደርቆ 125 ማይክሮን እንዲሆን ከተፈለገ የሚሸፍነው አራት ካሬ ሜትር ነው። ከውሃ በታች ያለው ቅብ በጠቅላላው ከ300 ማይክሮን ባያንስ ይመረጣል። እዚህ ላይ ሒሳቡ ያማል፤ የሚቆጠበውም ከመቀመጫው ጨርቅ እንጂ ከዚህ አይደለም። የብየዳ መስመሮችንና ጠርዞችን በሮለር ከመግባትዎ በፊት በብሩሽ ለብቻ ይቀቡ፤ ቀለም ከጠርዝ ላይ ይሸሻል።

የአዲስ አበባ አየር ሌላ ወጥመድ አለው። ኅዳርና ታኅሣሥ ደረቅ ስለሆኑ ለቅብ የተፈጠሩ ይመስላሉ። ሌሊቱ ግን ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል፤ ጠዋት ፀሐይ ወጥታ እንኳ ብረቱ ከአየሩ ይቀዘቅዛልና በዓይን የማይታይ ጤዛ ይለብሳል። ብረቱ ጤዛ ከሚይዝበት ሙቀት ቢያንስ 3 ዲግሪ በላይ መሆን አለበት። መለኪያ ከሌለ በእርጥብ ጨርቅ የመዳፍ ስፋት ያህል ይጥረጉ፤ በሩብ ሰዓት ውስጥ ካልደረቀ አይቀቡ። በተግባር ከጠዋቱ አራት ሰዓት በፊት መጀመር፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በኋላም መቀጠል አይመከርም። ማታ የቀዘቀዘ ኢፖክሲ ላይ በማግስቱ ቅባት የሚመስል ሙጫማ ሽፋን ቢገኝ በቲነር ሳይሆን ለብ ባለ ውሃና በሳሙና ይታጠባል። ይህን ሳያጥቡ የደረቡት ቅብ በልጣጭ ይነሳል።

ስቱኮውን በተመለከተ፦ ለመኪና አካል የሚሆነው ስቱኮ ውሃ ይመጥጣል። ጎድጓዳውን ለመሙላት የኢፖክሲ ስቱኮ ይግዙ፤ እሱም በባዶ ብረት ላይ ሳይሆን በመጀመሪያው ቅብ ላይ ይጣል።

የጓዳው በር አልዘጋ አለ

ትናንት ይዘጋ የነበረ በር ዛሬ ካልዘጋ በሩን አይላጉት። ጀልባው ተጣምሟል። ክብደቱ በሙሉ ከታች ባለው የአከርካሪ ብረት ላይ፣ ያውም የውስጥ ግድግዳዎች ባሉበት አንጻር ማረፍ አለበት፤ የጎን ድጋፎቹ እንዳይወድቅ ብቻ ናቸው። ግቢው ዋልካ አፈር ከሆነ በክረምት አንዱ ወገን ይሰምጣል። ከእንጨቶቹ ሥር ሰፋፊ ጣውላ ያንጥፉ፣ በግራና በቀኝ ያለውን ከፍታ በውሃ ልክ በየሳምንቱ ይፈትሹ። ላሜራ ተቆርጦ በወጣበት ሰዓት ጀልባው ከተጣመመ ጠማማነቱ አብሮ ይበየዳል።

ሞተሩ አይዞርም፣ ይሞቃል፣ ይጨሳል

*አይዞርም።* ሞተሪኖውን ደጋግመው አይጫኑ። ኢንጀክተሮቹን ይፍቱና በየሲሊንደሩ ትንሽ ዘይትና ናፍጣ ቀላቅለው ይጨምሩ፤ ለቀናት ይተዉት። ከዚያ የክራንኩን ቡሎን በረጅም እጀታ ቁልፍ ወደ ፊትም ወደ ኋላም በጥቂቱ ያወዛውዙ። እጅ ያላላቀቀውን ሞተሪኖ ያላቅቀዋል ማለት ይሰብረዋል ማለት ነው። ሞተሪኖው ራሱ ከደከመ በሚያዞርበት ጊዜ የባትሪውን ቮልት ይለኩ፤ ከ9.6 በታች ከወረደ ባትሪው ነው፣ ካልወረደ ገመዱን ወይም ሞተሪኖውን ይጠርጥሩ።

*ይነሳና ይጠፋል።* የቆየ ታንክ ግርጌ ውሃና ጥቁር አተላ አለው። ከታች ያፍስሱ፣ ፊልትሮዎቹን ይቀይሩ፣ ከመስመሩ አየር ያስወጡ።

*ይሞቃል።* የሐይቁን ውሃ የሚስበው ፓምፕ ውስጥ የጎማ ክንፎች ያሉት ትንሽ መንኮራኩር አለ። ዓመታት ደርቆ ሲቆም ክንፎቹ በታጠፉበት ይቀራሉ፤ ይሰነጠቃሉ፤ ሞተሩ በተነሳ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎችም ይቆረጣሉ። የጎደለ ክንፍ ካለ የት እንደሄደ ሳያገኙ አይዝጉት፤ ማቀዝቀዣው ቱቦ ውስጥ ተሰንቅሮ ውሃውን ይዘጋል። ግቢ ውስጥ ሞተሩን ያለ ውሃ ማስነሳት ይህን ጎማ በአንድ ደቂቃ ያቃጥለዋል፤ በርሜል ሞልተው መምጠጫ ቱቦውን ይክተቱበት። ሐይቅ ላይ ከሞቀ ደግሞ መጀመሪያ የሚታየው የመግቢያው ወንፊት ነው። ጣና ላይ የሚሠራ ሁሉ እምቦጭን ያውቀዋል፤ ሥሩ ወንፊቱን ይደፍናል፣ ግንዱ በፕሮፔለሩ ላይ ይጠመጠማል።

አዲስ አበባ ውስጥ ሌላም አለ። በዚህ ከፍታ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የማቀዝቀዣው ክዳን ግፊት መያዝ ካቃተው ሞተሩ በመደበኛ ሙቀቱ ላይ ሳለ ውሃው ይፈላል። ማቀዝቀዣውንና ጓርኒሲዮኑን ከመክሰስዎ በፊት ክዳኑን ይቀይሩ።

*ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ጉልበት የለውም።* እዚህ ከተማ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ ዝዋይ ላይ፣ በ1,640 ሜትር ገደማ፣ ትንሽ ይሻላል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በዚሁ ልክ ጉልበት ያጣል። አውሮፓ ውስጥ ለባሕር ወለል የተመረጠ ፕሮፔለር ለዚህ ለደከመ ሞተር ይከብደዋል፤ ሞተሩ የተጻፈለትን ዙር አይደርስም፣ ያልተቃጠለ ናፍጣም ይተፋል። መካኒኩ የናፍጣ ፓምፑን «ከፈት» ቢያደርገው ጭሱ ይብሳል። መድኃኒቱ የፕሮፔለሩን ፒች፣ ማለትም በአንድ ዙር ወደ ፊት የሚሄድበትን ርቀት፣ መቀነስ ነው፤ አንድ ኢንች ሲቀነስ ከ150 እስከ 200 ዙር ይገኛል። ይህን ግን ሐይቁ ላይ ሞክረው እንጂ ግቢ ውስጥ በበርሜል ውሃ አይወስኑ።

አዲስ የተቀባ ቀፎ በጥቂት ወራት ጉድጓድ ጉድጓድ ይሆናል

ጉድጓዶቹ በፕሮፔለሩና በመሪው አካባቢ ከተሰበሰቡ ነገሩ የቀለም ሳይሆን የኤሌክትሪክ ነው። ነሐስና የማይዝግ ብረት ከተራ ብረት ጋር ውሃ ውስጥ ሲገናኙ ባትሪ ይሆናሉ፤ ተበዪው ተራው ብረት ነው። ለዚህ ሲባል ከቀፎው በፊት ራሱ የሚበላ አኖድ ይገጠማል። ከባሕር ጀልባ የተፈታ የዚንክ አኖድ በጨው አልባ ውሃ ላይ ገጹ ይሸፈንና ሥራ ያቆማል፤ ለዝዋይና ለጣና የሚሆነው ማግኒዚየም ነው። አኖዱ ባዶ ብረት ላይ ጥብቅ ብሎ ይታሰር፤ እንዳይቀባም ለቀቢው ይነገረው። ለውበት ብሎ አኖድ የሚቀባ ቀቢ አይጠፋም።

ወደ ሻላ ወይም ወደ አብያታ ለመውሰድ የሚያስብ ካለ ሐይቆቹ የሶዳ ሐይቆች መሆናቸውን ይወቅ፤ አልሙኒየም የሆነ ማንኛውም ዕቃ እዚያ በፍጥነት ይበላል። መዳብ ያለበትን የአልጌ መከላከያ ቀለም ደግሞ በብረት ቀፎ ላይ አይጠቀሙ፤ የተጫረ ቦታ ባገኘ ቁጥር መዳቡ ብረቱን ይበላል።

ሐይቁ ላይ ሲገባ ይንቀጠቀጣል

ከግቢ ከመውጣቱ በፊት የበሩ ስፋትና ከላይ ያለው የመብራት ገመድ ከፍታ ከነተሸከመው መኪና ጋር ይለካ፤ ይህ ከመግዛት በፊት ቢደረግ ደግሞ የበለጠ ብልህነት ነው። መንገድ ላይና ውሃ ላይ ቀፎው ቅርጹን በጥቂቱ ይቀይራል። ስለዚህ ግቢ ውስጥ የተስተካከለው የሞተርና የዘንግ መስመር ጊዜያዊ ነው። ጀልባው ውሃ ላይ አንድ ሁለት ቀን ከዋለ በኋላ የማርሹንና የዘንጉን መጋጠሚያ ቡሎኖች ፈትተው በሁለቱ ፊቶች መካከል ያለውን ክፍተት በአራቱም አቅጣጫ በስስ ብረት መለኪያ ይለኩ። ልዩነቱ ከ0.1 ሚሊ ሜትር ከበለጠ በሞተሩ እግሮች ሥር ስስ ላሜራ እየጨመሩ ወይም እየቀነሱ ያስተካክሉ።

ዘንጉ ከቀፎው በሚወጣበት መጥበቂያ በኩል ሞተሩ ሲሠራ በደቂቃ ጥቂት ጠብታ መውረዱ ጤና ነው፤ ዘንጉን የሚያቀዘቅዘው እሱ ነው። ጠብታውን ጨርሶ ለማቆም ዳዶውን ያጠበቀ ሰው መጥበቂያውን ያቃጥላል፣ ዘንጉንም ይፍቃል። እጅዎን ያስነኩት፤ ለብ ያለ ከሆነ ይተዉት፣ የሚያቃጥል ከሆነ ዳዶውን ሩብ ዙር ያላሉት። ሞተሩ ሲቆም ግን ጠብታው መቆም አለበት። ካልቆመ ውስጥ ያለው የገመድ ማሸጊያ አርጅቷል፤ ይቀየር። ጠብታው የሚወርድበት ቦታ ደግሞ የሆዱ ዝቅተኛ ክፍል ስለሆነ የጎድኖቹ ቀዳዳዎች ክፍት መሆናቸውንና የማፍሰሻው ፓምፕ ያን ውሃ የሚደርስበት መሆኑን በዚያው ይፈትሹ።